ለመጀመሪያ ጊዜ በጋራ ጀልባ ዓሣ ለማስገር ለሚወጣ ሰው

ከቦረና ደጋ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ዓባይ ቀጭን ክር ይመስላል። ገደሉን ወርዶ ከወንዙ ዳር የቆመ ሰው ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን ያውቃል። ይህ ውኃ ከመካነ ሰላም በታች ከመድረሱ በፊት ብዙ አገር አቋርጦ ይመጣል። የሚወጣውም ከጣና ሐይቅ ነው። እኛ በሩቅ የምናየው ውኃ ከወዲያ በኩል የብዙ ሰው እርሻ ነው። የሚታረሰው በበሬ አይደለም፤ በጀልባና በመረብ ነው።

የደጋ ገበሬ ውኃን በምንጭ፣ በዝናብና በጎርፍ ያውቀዋል። በውኃ ላይ ተቀምጦ መዋልን ግን አልለመደም። ታዲያ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ሥራ ፍለጋ ከቀዬው የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። አንዳንዱ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ሐይቅ ከተማ ይሄዳል። እዚያም «ነገ ጀልባ ላይ ሰው ይጎድለናል፣ ትወጣለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊገጥመው ይችላል። ጉልበት ያለው ሰው ወዲያው «እሺ» ይላል። ከዚህ «እሺ» በፊት ግን መታወቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ ገንዘብን ይመለከታሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሕይወትን ይመለከታሉ።

ይህ ጽሑፍ ለሚሄደው ሰው ብቻ የተጻፈ አይደለም። ልጁን ወይም ወንድሙን ለሚሸኘውም ነው። ማንበብ የቻለ ሰው ላልቻለው ያንብብለት።

1. ሐይቁ እንዴት ያለ ነው?

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከመካከሉ የደረሰ ሰው ማዶውን ማየት ሊያቅተው ይችላል። ይሁን እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ያህል ነው። በአንጻሩ በእኛው በደቡብ ወሎ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ በስፋት ከጣና ጋር አይወዳደርም፤ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ይበልጣል።

«ጥልቅ ካልሆነማ ምን ያስፈራል?» የሚል ይኖራል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ዋና ለማይችል ሰው 3 ሜትርም 80 ሜትርም አንድ ነው። በዚያ ላይ ሰፊና ጥልቀቱ ጥቂት የሆነ ሐይቅ ነፋስ ሲመጣበት ማዕበሉ ፈጥኖ ይነሣል። ማዕበሉም አጫጭርና ተከታታይ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። የጧቱን ጸጥታ አይቶ ሐይቁን መናቅ አይገባም። አባቶች «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

2. ከታንኳ እስከ ሞተር ጀልባ

የጣና ዓሣ አስጋሪዎች ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩ የኖሩት በታንኳ ነው። ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ታጭዶ ይደርቃል፤ ከዚያም በገመድ ተጠፍሮ ይታሰራል። በዚህ ሥራ በተለይ የታወቁት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት የወይጦ ሰዎች ናቸው። ታንኳ ቀላልና ርካሽ ነው። ነገር ግን ደንገሉ ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል፤ ስለዚህ ብዙ ሳይቆይ በአዲስ መተካት አለበት። የሚይዘውም ሰው ጥቂት ነው። ከዳር ብዙም አይርቅም።

በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ከሆላንድ አገር በመጣ እርዳታ በጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለዓሣ ማስገር ሥራ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ አስጋሪው ከዳር ርቆ መሄድና በአንድ ሌሊት ብዙ መረብ መጣል ቻለ። ሥራውም መልኩን ለወጠ። በታንኳ ሲሆን አንድ ሰው ለራሱ ይሠራል። በሞተር ጀልባ ሲሆን ግን ሦስት ወይም አራት ሰዎች አብረው ይወጣሉ። ጀልባው የአንዱ፣ መረቡ የሌላው፣ ጉልበቱ የሁሉም ሊሆን ይችላል። ይህ ከደቦ ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ደቦ አይደለም። በደቦ ዛሬ የሠራኸውን ነገ ይሠሩልሃል። በጀልባ ግን ትርፉ በዚያው ቀን በገንዘብ ይካፈላል። ስለዚህ የአካፋፈሉን ነገር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

3. ከመውጣት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀማሪው ጀልባ ላይ ከመሳፈሩ በፊት አምስት ነገሮችን ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ድርሻዬ ስንት ነው? ዓሣው ተሸጦ ስንት እጅ ይሆናል? ለጀልባው ስንት፣ ለመረቡ ስንት፣ ለሰው ስንት?

ሁለተኛ፣ የነዳጁ ዋጋ የሚቀነሰው ከማን ነው? ከጠቅላላው ሽያጭ ነው ወይስ ከሠራተኛው ድርሻ?

ሦስተኛ፣ ዓሣ ያልተያዘ ቀን ኪሳራው የማን ነው? ነዳጁ ተቃጥሎ ባዶ እጅ መመለስ አለና።

አራተኛ፣ መረብ ቢቀደድ ወይም ቢጠፋ ማን ይከፍላል?

አምስተኛ፣ ዓሣው ሲመዘን እኔ አያለሁ ወይ?

አሁን በቁጥር እንየው። ይህ ለሂሳብ ማስረጃ ብቻ የተወሰደ ምሳሌ ነው። አራት ሰዎች ወጡ እንበል። ዓሣው በ6,000 ብር ተሸጠ። ለነዳጅ 1,200 ብር ወጣ። የቀረው 4,800 ብር ነው። በስምምነታቸው መሠረት ገንዘቡ ለስድስት እጅ ይከፈላል፤ ለአራቱ ሰዎች አንድ አንድ እጅ፣ ለጀልባውና ለሞተሩ አንድ እጅ፣ ለመረቡ አንድ እጅ። 4,800 ለ6 ሲካፈል 800 ብር ይሆናል። ስለዚህ ጀማሪው 800 ብር ያገኛል። የጀልባውና የመረቡ ባለቤት አብሮ የሠራ እንደሆነ ግን ሦስት እጅ፣ ማለትም 2,400 ብር ይወስዳል።

ነዳጁ ከሠራተኞቹ ድርሻ ብቻ የሚቀነስ ቢሆንስ? ያን ጊዜ 6,000 ለ6 ተካፍሎ እያንዳንዱ እጅ 1,000 ብር ይሆናል። 1,200 ብሩ ለአራቱ ሰዎች ሲከፈል 300፣ 300 ብር ይደርሳቸዋል። ጀማሪው 1,000 ሲደመጥ ደስ ብሎት የሚያገኘው ግን 700 ብር ብቻ ነው። እነሆ በአንዲት ቃል ልዩነት 100 ብር ጠፋ። ሠላሳ ቀን ቢሠራ 3,000 ብር ማለት ነው።

ስምምነቱ በሁለት መስመርም ቢሆን በወረቀት ላይ ይስፈር። ማን ከማን ጋር ተስማማ፣ በምን ያህል፣ በየትኛው ቀን የሚለው ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙበት። «እኔና እሱማ እንተማመናለን» ማለት መልካም ነው። ወረቀት መተማመንን አያፈርስም። ሁለት ሰዎች ከወር በኋላ አንዱን ነገር ሁለት ዓይነት አድርገው ሲያስታውሱት ግን ወረቀቱ ይዳኛቸዋል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለ? ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ጥቅም ሳያገኝ መቅረት የለበትም። በየቀኑ የተያዘውን ኪሎ፣ የተሸጠበትን ዋጋና የደረሰውን ገንዘብ በደብተሩ ይመዝግብ።

4. ምን ለብሶ፣ ምን ይዞ ይወጣል?

የደጋ ሰው ለብርድ የሚያስበው ጋቢውን ነው። በጀልባ ላይ ግን ጋቢ ጠላት ሊሆን ይችላል። ውኃ የጠጣ ጋቢ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ እጅና እግርንም ይጠፍራል። ድግ መታጠቅም እንደዚሁ ነው። ከባድ ቦት ጫማም ውኃ ከሞላው አይረባም። የሚሻለው ቶሎ የሚወልቅ ሹራብ፣ ጉልበት ላይ የሚደርስ ሱሪና ቀላል ጫማ ነው። ቁልፉ የበዛ ሸሚዝና የጣት ቀለበት መረብ ይይዝባቸዋልና ይቅሩ። ፀሐዩ ከላይም ከውኃውም ስለሚያንጸባርቅ ባርኔጣ አይረሳ።

ለስንቅ በሶ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ይበቃል። የሚጠጣ ውኃ በጀሪካን ይያዝ። የሐይቁን ውኃ ሳይፈላ መጠጣት በሽታ ያመጣል። በሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቆምም የቢልሃርዝያ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል። ይህ በሽታ በቆዳ በኩል ይገባል። ጀልባውን እየገፉ በውኃው ውስጥ የሚመላለሱ ሰዎች ሆድ ቁርጠት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ካዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። መድኃኒት አለው።

ከሁሉ የሚበልጠው ዕቃ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ነው። ይህ ሰደርያ ውስጡ ቀላል ነገር ስላለበት ሰውን ከውኃ በላይ ይይዛል። በጀልባው ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መኖር አለበት። ከመቀመጫ ሥር ተወትፎ የሚቀር ሰደርያ ግን ከሌለ አይሻልም። የሚለበሰው ገና ከዳር ሳይነሡ ነው። ማዕበል ከመጣ በኋላ መታጠቂያውን ማሰር አይቻልም። ሰደርያ ከጠፋ ባዶና ክዳኑ የተጠበቀ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ ታስሮ አጠገብ ይቀመጥ። ሰደርያን ባይተካም አንድ ሰው ይዞት እንዲንሳፈፍ ይረዳል።

ዋና አለመቻል ነውር አይደለም። መደበቁ ግን ጉዳት አለው። ጀማሪውና የጀልባው ኃላፊ እንዲህ ቢነጋገሩ መልካም ነው፦

— አያ፣ እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ዋና አልችልም።

— ነግረኸኝ ደግ አደረግህ። ከመካከል ተቀመጥ። ሰደርያውን አታውልቅ። ስነግርህ ካልሆነ አትነሣ።

— ማዕበል የመጣ እንደሆነስ?

— ዝቅ ብለህ የጀልባውን ጠርዝ ያዝ። የቀረውን ለእኔ ተወው። ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ «እንመለስ» ብትለኝ አልቀየምም።

ይህን መልስ የማይሰጥ፣ ይልቁንም «ፈሪ ከሆንክ ቤትህ ተቀመጥ» የሚል ኃላፊ ካጋጠመ ጀማሪው ሌላ ጀልባ ይፈልግ።

5. በጀልባ ላይ አቀማመጥ

በቅሎ የጫነ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጭነት በአንድ ወገን ከበዛ በቅሎዋ ትዘነብላለች፤ ዳገት ላይ ከሆነማ ጭነቱ ይገለበጣል። ጀልባም እንዲሁ ነው። ሰውና ዕቃ በግራና በቀኝ እኩል ይከፈላል። ከባድ ዕቃ ከታች ይሆናል። ሁሉም ሰው አንድ ነገር ለማየት በአንድ ወገን ቢንጋጋ ጀልባው ሊገለበጥ ይችላል። «ዓሣው መጣ! ኑ እዩ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ በቦታ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወሩ ጎንበስ ብሎና ሁለቱን ጠርዝ ይዞ ነው። አንድ ጊዜ የሚነሣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ነዳጅ ባለበት አጠገብ ሲጋራ አይጨስም፤ እሳትም አይነድም።

አንዳንድ ሰው መጀመሪያ ቀን ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስታውከዋልም። ይህ በሽታ አይደለም፤ ቡዳም አይደለም። ሰውነት የጀልባውን መወዛወዝ ስላልለመደ ነው። በባዶ ሆድም ሆነ ከመጠን በላይ በልቶ አለመውጣት ይረዳል። ዓይንን ከእግር ሥር ከማድረግ ይልቅ ራቅ ያለውን ተራራ ወይም የብስ መመልከት ያሻላል። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ብዙውን ሰው ይተወዋል።

6. መረብ አጣጣልና አወጣጥ

በጣና የሞተር ጀልባ አስጋሪዎች መረባቸውን የሚጥሉት በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ነው። መረቡ በውኃ ውስጥ ያድራል። በማግሥቱ ማለዳ ይወጣል። መረቡ እንደ አጥር ሆኖ በውኃ ውስጥ ይቆማል። ከላይ ባለው ገመድ ላይ ቡሽ ወይም ሌላ ተንሳፋፊ ነገር ተደርድሯል። ከታች ባለው ገመድ ላይ እርሳስ ወይም ድንጋይ ታስሯል። ላዩ ወደ ላይ፣ ታቹ ወደ ታች ስለሚጎትት መረቡ ተዘርግቶ ይቆማል። ዓሣ ሲመጣ ጭንቅላቱን በቀዳዳው ያስገባል። ሰውነቱ ወፈር ስለሚል ማለፍ ያቅተዋል። ወደ ኋላ ሲል ደግሞ ክሩ ከስንጥቡ ሥር ይይዘዋል።

ሥራው ለእያንዳንዱ ሰው ይከፋፈላል። አንዱ ሞተሩን ይይዛል። አንዱ መረቡን ይለቃል ወይም ይስባል። አንዱ ዓሣውን ከመረቡ ያላቅቃል። ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ማላቀቁ ነው። ለዚህ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አያስፈልግም። ዓሣው በገባበት በኩል ወደፊት መገፋት አለበት። ወደ ኋላ ቢጎትቱት ክሩ ይበልጥ ይጠብቃል፤ መረቡም ይቀደዳል። የቆሮሶ ጀርባ ላይ ያሉት እሾሆች ጣት ይወጋሉ። ስለዚህ ቆሮሶን ከፊቱ ወደ ኋላ በመዳፍ እያስተኙ መያዝ ያስፈልጋል።

መረብ ሲለቀቅ ጀማሪው እግሩን የት እንዳኖረ ይመልከት። ጀልባው እየሄደ፣ መረቡ እየወረደ ሳለ ገመዱ በእግር ላይ ቢጠመጠም ሰውየውን አብሮ ይወስደዋል። ብዙዎች ይህን ትንሽ ነገር ይንቁታል። የተሳለ ቢላዋ ሁልጊዜ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሰካ። ገመድ ሰው ከያዘ ስለ መረቡ ዋጋ ማሰብ አያስፈልግም፤ ወዲያው ይቆረጣል።

7. ነፋስ፣ ማዕበልና ሌላ አደጋ

ፀሐይ ምድርን ከውኃ ቀድማ ታሞቃለች። የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል። በቦታውም ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። በዚህ ምክንያት ጧት ጸጥ ያለ ሐይቅ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይበዛበታል። በታንኳ የሚሄዱ ሰዎች ማለዳ የሚነሡት ስለዚህ ነው። በክረምት ደግሞ ነጎድጓድና መብረቅ ይጨመራል። ሰማዩ ጠቆር ካለ፣ ነፋሱ በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከሩቅ ውኃው ነጭ አረፋ ከያዘ መረቡን ትቶ ወደ ዳር መመለስ ይገባል። መረብ ነገ ይገኛል። ሰው ግን አይገኝም።

ማዕበል የያዘው ጀልባ ፊቱን ወደ ማዕበሉ አድርጎ በዝግታ መሄድ አለበት። ጎኑን ከሰጠ ይገለበጣል። የገባውን ውኃ ሰዎቹ በጣሳ እየቀዱ ይጨልፋሉ።

ጀልባው የተገለበጠ እንደሆነስ? ዋናው ሕግ «ጀልባውን አትልቀቅ» የሚል ነው። የተገለበጠ ጀልባ ብዙ ጊዜ አይሰጥምም፤ ይንሳፈፋል። የብሱ ቅርብ ይመስላል፤ ወደ ብስ እዋኛለሁ ብሎ የሚለቅ ሰው ግን በመንገድ ይደክማል። ጀልባውን ይዞ የቆየ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ ሌላ ጀልባም ይደርስለታል።

አንድ ሰው ከጀልባ ቢወድቅ ሌላው ተከትሎት አይዝለል። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛል፤ አዳኙንም ያሰጥማል። ገመድ የታሰረበት ጀሪካን ይወርወርለት። መቅዘፊያ ይዘርጋለት። ሞተሩ ይጥፋ። ከዚያ በጎን ሳይሆን ከኋላ ወይም ከፊት በኩል ይጎተት፤ በጎን ሲጎትቱት ጀልባው ይዘነብላልና።

በጣና፣ በተለይም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሣር በሊታ ነው፤ ሰውን ለምግብ አይፈልግም። ነገር ግን ግልገል ካላት ወይም መንገዷ ከተዘጋ ጀልባ ትገለብጣለች። ጉማሬ የታየበትን ቦታ ራቅ ብሎ መዞር ነው። ድንጋይ መወርወርና መጮኽ ጀግንነት አይደለም።

ከመነሣት በፊት ወዴት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ በወደቡ ለሚቀር ሰው ይነገር። ካልተመለሱ የሚፈልጋቸው ይኖራል።

8. የሚያዙት ዓሦች

በጣና የሚያዙት ዋና ዋና ዓሦች ሦስት ዓይነት ናቸው።

ቆሮሶ ጠፍጣፋና ቅርፊታም ነው። የሚበላውም በብዛት በውኃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ግልገሎቹም ጠላት ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እናት ቆሮሶን መያዝ አንድ ዓሣ መያዝ ብቻ አይደለም፤ ጎጆዋን ጭምር ማጥፋት ነው። በደቡብ ወሎው ሐይቅም ቆሮሶ ይያዛል። እዚያ ግን ከጥንት የነበረ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። አፉ ሰፊ ነው፤ በአፉ ዙሪያ ጢም የሚመስል አለው። ከውኃ ወጥቶም አየር እየሳበ ለጊዜው መቆየት ይችላል። «ሞቷል» ብለው ጀልባ ላይ የተዉት አምባዛ ተንፏቆ ውኃው ውስጥ ይገባል።

ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን በእርግጥ አንድ ዓሣ አይደለም። ከአሥራ አምስት የማያንሱ ዓይነቶች አሉት። አብዛኛዎቹ በጣና እንጂ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኙም። ምክንያቱን ማወቅ ደስ ያሰኛል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ይወረወራል። ከታች ያለ ዓሣ ያን ፏፏቴ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ከላይ ያሉት ዓሦች ብቻቸውን ቀርተው፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ የየራሳቸው መልክና አመጋገብ ያላቸው ሆኑ። በቦረና ቆላ ዓባይ ውስጥ የሚያዘው ዓሣ ከጣናው የሚለየው ለዚህ ነው።

9. የተያዘውን አለማበላሸት

ዓሣ እንደ እህል በጎተራ አይቆይም። ፀሐይ ላይ ከዋለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይበላሻል። ሌሊቱን ሙሉ የተደከመበት ዓሣ ገበያ ሳይደርስ ቢሸት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ እንደተያዘ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። በረዶ ካለ በረዶ ይደረግበት። ሆድ ዕቃው ቶሎ ይውጣ፤ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነውና። በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ነው። በጣት ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ ይነሣል። የቆየ ዓሣ ዓይኑ ይደፈርሳል፣ ይጎደጉዳልም፤ ስንጥቡ ይጠቁራል፤ ሥጋው ሲጫኑት ሰርጎ ይቀራል። እንዲህ ያለውን መሸጥም መብላትም አይገባም።

ዓሣ ሰውነትን ይገነባል፤ ለሚያድጉ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ጠቃሚ ነው። ለወሎ ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቀዬ ይኖራል፣ አብሮ ይሠራል፣ ቡና ይጠራራል፤ የታረደ ሥጋ ሲሆን ግን የየራሱን ይበላል። ዓሣ አይታረድም። ስለዚህ ሁለቱም ከአንድ ገበታ ሊበሉት ይችላሉ። በጾም ወራት ዓሣ የመብላቱ ልማድ ግን ከቦታ ቦታ፣ ከሰው ሰው ይለያያል።

10. ዘሩን የበላ ገበሬ

በረኃብ ጊዜ እንኳ ገበሬ የዘር እህሉን ለመጨረሻ ያቆያል። ዘሩን ከበላ የሚቀጥለው ዓመት የለውምና። ዓሣም ዘር አለው። ብዙው የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ ወንዞች ሲሞሉ ከሐይቁ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣል። እንቁላሉን በጠጠራማ ወንዝ ውስጥ ይጥላል። በዚያን ጊዜ ዓሣው ከወንዙ አፍ ላይ ስለሚሰበሰብ ለመያዝ ቀላል ነው። በአንድ ቀን ብዙ ይገኛል። ግን የሚያዘው ገና ያልወለደ እናት ነው።

ይህ ምን አመጣ? ከ1983 እስከ 1985 ዓ.ም. እና ከ1991 እስከ 1993 ዓ.ም. በጣና ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ፣ ለአቅመ መራባት የደረሰው ነጭ ዓሣ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በአሥር ዓመት ውስጥ ማለት ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፍቶ ጀልባ መንገድ እንዲያጣ፣ መረብም መጣያ እንዳይኖረው በብዙ ቦታ አደረገ።

በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። ዓሣን በመርዝ መያዝን ይከለክላል። እዚህ ላይ ስለ ብርብራ እናንሣ። ብርብራን የማያውቅ ገበሬ የለም። ጥላው መልካም ነው፤ ንብም ይቀስመዋል። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ግን ዓሣውን ያሰክራል። ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም በአንድነት ይንሳፈፋል። አንድ እራት ለመብላት የወንዙን ሁሉ ዘር መጨረስ ነው። ይህ በጣና ገባር ወንዞች ብቻ ሳይሆን በየወንዞቻችንም መቅረት ያለበት ሥራ ነው።

የመረብ ቀዳዳ ነገርም አለ። በጣና የሞተር ጀልባ አስጋሪዎች ሲጠቀሙበት የኖሩት መረብ ቀዳዳው ተለጥጦ ሲለካ 10 ሣንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ትንሹ ዓሣ በዚያ ሾልኮ ያመልጣል፤ አድጎ ወልዶ ይያዛል። ቀዳዳው የጠበበ መረብ ግልገሉን ሁሉ ይጠርጋል። ጀማሪው ምን ዓይነት መረብ ላይ ሊሠራ እንደሆነ ይጠይቅ። በተከለከለ መረብ የወጣ ጀልባ ሲያዝ መረቡ ይወረሳል፤ የጀማሪውም ድርሻ አብሮ ይጠፋል።

ለማጠቃለል

በጋራ ጀልባ ዓሣ ማስገር ጉልበትና ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው ሊማረው የሚችል ሥራ ነው። ጀማሪው ድርሻውን አስቀድሞ ይወቅ፣ ስምምነቱንም ያጽፍ። ሰደርያ ሳይለብስ ከዳር አይነሣ። ዋና አለመቻሉን አይደብቅ። ነፋስ ሲነሣ «እንመለስ» ለማለት አይፈር። የያዘውን አያበላሽ። የነገውን ዘር ዛሬ አይብላ።

ከሐይቁ በሰላም የተመለሰ ሰው ከድርሻው ሌላ ይዞት የሚመጣው ነገር አለ። ዓባይን ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ሲያየው ያ ክር የሚመስለው ውኃ ስንት ሰው እንደሚያበላ፣ እንዴት መያዝ እንዳለበትም ለጎረቤቱ ማስረዳት ይችላል።

ጥያቄዎች

1. ጀማሪው ከመሳፈሩ በፊት የሚጠይቃቸው አምስት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. ዓሣ በ9,000 ብር ተሸጠ። ለነዳጅ 1,800 ብር ወጣ። ቀሪው ለስድስት እጅ ቢከፈል አንዱ እጅ ስንት ብር ይሆናል?
3. ጀልባ የተገለበጠበት ሰው ወደ ብስ ለመዋኘት ከመሞከር ይልቅ ምን ማድረግ አለበት? ለምን?
4. የጣና ነጭ ዓሣ በቦረና ቆላ ዓባይ ውስጥ ለምን አይገኝም?
5. በቀበሌያችሁ ባለው ወንዝ ዓሣ የሚያዘው እንዴት ነው? ብርብራ የሚጠቀም አለ ወይ? ተወያዩበት።